አማርኛ የሚናገረው ጭራቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የምኖርባት የአሜሪካ ከተማ ኮሎምበስ በረዶዋን ገና ባላራገፈችበት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ዛሬም ድረስ የተቆላ አኩሪ አተር ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት የጃፓን ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ባለቤቷ ዩኪኮ የመጣችበት ከተማ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በበዓል ነው፤ የአበባው፣ የፋኖሱ፣ የመኸሩ እያለ። ብርዱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ጭራቅ ያባርራሉ። አንዱ ቀንድ ያለው ቀይ ጭምብል አጥልቆ እያጓራ ይገባል፤ ልጆች የተቆላ አኩሪ አተር እየወረወሩበት «ጭራቅ ይውጣ፣ በረከት ይግባ!» ብለው ያስወጡታል። ዩኪኮም በየዓመቱ ለአካባቢው የጃፓን ልጆች ይህንኑ በምግብ ቤቷ ታዘጋጃለች።

የዚያን ዓመት፣ ሁልጊዜ ጭራቅ የሚሆነው የወጥ ቤት ሠራተኛ ፍሉ ይዞት ቀረ። ዩኪኮ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔን ጎንበስ ሳልል በር አያሳልፈኝም።

«አንተ ሁንልኝ» አለችኝ።

«እሁድን ኦፍ ትሰጪኛለሽ?» አልኳት። ተስማማን።

እሁድ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነበር። ሜሮንን ለማግባት የቀረኝ ፈተና እናቷ እትዬ አስቴር ብቻ ነበሩ። እትዬ አስቴር ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ዋይትሆል ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን የሚመሩ ሴት ናቸው። ሽማግሌ ሳይላክ መገናኘት ነውር ነው ስላሉ በአካል አላየኋቸውም፤ ፎቶአቸውን ብቻ ነው ሜሮን ስልክ ላይ ያየሁት። «እማዬ መጀመሪያ ያየችውን ነገር አትረሳም። አንዴ ኖ ካለች ደግሞ አበቃ፤ ተጠንቀቅ» ብላኛለች ሜሮን።

ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ቤቱ በልጆች ሞላ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ጭምብሉን አጠለቅሁ፣ የተንጨባረረ ዊግ ደፋሁ፣ ከሱሪዬ በላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ቁምጣ ለበስኩ። የፕላስቲክ ዱላ ይዤ መጋረጃውን ገልጬ እያጓራሁ ዘለልኩ። ቆሎው ወረደብኝ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ወላጆቻቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዲት ትንሽ ልጅ ግን የምሯን አለቀሰች። ሮጣ አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች። ቀና ብዬ ሴትዮዋን ሳይ ክው አልኩ። እትዬ አስቴር! በሞግዚትነት እንደሚሠሩ ሰምቻለሁ፤ የሚጠብቋት ልጅ ጃፓናዊት መሆኗን ግን ማን ነግሮኝ።

ዩኪኮ ከሩቅ «አጓራ እንጂ!» እያለች በእጇ ትጠቁመኛለች። ምን ላድርግ፣ ቀስ ብዬ አጓራሁ።

እትዬ አስቴር ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን አነሱ።

«በኢየሱስ ስም! ከዚህ ቤት ውጣ!»

ልጆቹ የበዓሉ አካል መሰላቸው። በጃፓንኛ «ውጣ! ውጣ!» እያሉ ተቀበሏቸው። እትዬ አስቴርም የሚያግዛቸው ሲያገኙ ባሰባቸው። ቀረብ ብለው እጃቸውን በሁለቱ ቀንዶች መካከል ጫኑና ይገፉኝ ጀመር። ጭምብሉ ሲንሸራተትብኝ በሁለት እጄ ይዤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤

«ኧረ እትዬ አስቴር፣ እባክዎ ቀስ!»

ከእሳቸው በቀር የገባው ሰው የለም። ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ጭራሽ አማርኛ ይናገራል! ስሜንም ያውቃል!»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጸሎት አልቻልኩትም። በሩን ከፍቼ ሃይ ስትሪት ላይ ወጣሁ፤ ዩኪኮም እንደ ደንቡ ከኋላዬ ቆለፈችው። በነብር ቁምጣ በረዶ ላይ ቀረሁ። ሾርት ኖርዝ ብዙ ያየ ሰፈር ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። አንዱ መንገደኛ «ናይስ ሾርትስ!» ብሎኝ አለፈ።

በጓሮ በር ተመልሼ ሁሉንም አወላልቄ ወጥ ቤት ተደበቅሁ። ሐሳቤ እስኪሄዱ ድረስ ሳህን ማጠብ ነበር። ማን እንደሆንኩ ሳይታወቅ እሁድ ይደርሳል።

ዩኪኮ ግን መጣች። «ልጅቷ ጭራቁ ውጪ አለ ብላ አልወጣም አለች። ሰው መሆንህን ካላየች ዛሬ አትተኛም» አለችኝ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ልጅቷ የእትዬ አስቴርን ቀሚስ ጨብጣ ትንሰቀሰቃለች። ሜሮን ትዝ አለችኝና ተመልሼ አንድ ሳህን አጠብኩ። ሁለተኛው ላይ ግን ልቅሶው አሸነፈኝ።

ጭምብሉን በእጄ ይዤ ወጣሁና ልጅቷ ፊት ተንበረከክሁ። «ሉክ፣ ኢትስ ጀስት ሚ» አልኳት። አጠለቅሁት፣ አወለቅሁት፣ እንደገና አጠለቅሁት። ቀንዱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ሳቀች። ከዚያም ከኪሷ አንድ ፍሬ አውጥታ አፍንጫዬ ላይ ወረወረችው።

«ሐበሻ ነህ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስሜን እንዴት አወቅህ? አንተስ ማን ትባላለህ?»

«ናትናኤል።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቁምጣውን ማውለቄን በልቤ አመሰገንኩ።

«የእሁዱ?»

«የእሁዱ» አልኩ።

ልጅቷን ኮት አልብሰው ወጡ።

ማታ ሜሮን ኮል አደረገች። «ምን አድርገሃት ነው? እማዬ ከመጣች ጀምሮ ክፍሏን ዘግታለች» አለችኝ። የነገርኳትን ስትሰማ «ተጠንቀቅ አላልኩህም?» አለች። ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቼ ሄዱ። መሪያቸው ጋሼ ተፈራ ተነሥተው ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው እያሉ ሲጀምሩ፣ እትዬ አስቴር እጃቸውን አነሱ አሉ።

«ጋሼ ተፈራ፣ አይድከሙ። ልጁን እኔው ራሴ መርምሬዋለሁ። ራሱ ላይ እጄን ጭኜ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ ውጣ ብዬ ጮኼበታለሁ። አስለቅሶ የነበረችውን ሕፃን አስቆ ነው የሸኘልኝ እንጂ ከውስጡ የወጣ ነገር የለም።»

ለካ ያን ምሽት ክፍላቸውን የዘጉት ትራስ አፋቸው ላይ አድርገው ሊስቁ ኖሯል።

ዛሬ ሜሮን ባለቤቴ ናት። ዩኪኮ ፌብሩዋሪ ሲደርስ «ያቺ ጭራቅ አባራሪ ትመጣለች?» ትለኛለች፤ እትዬ አስቴርም አይቀሩም። ሌላው አማች አማቱ ፊት መልአክ ሆኖ ይጀምርና ከዓመት ዓመት ጉዱ እየወጣ ይሄዳል። እኔ ከቀንድ ስለጀመርኩ፣ ቆሻሻ እንኳ አውጥቼ ስደፋ እመረቃለሁ። በበኩሌ ደስተኛ ነኝ።