ቆሎ የፈተነው የጥርስ ሙሌት

ኅዳር ሲገባደድ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የጥርስ መሙያዎችን ጥንካሬም እመረምራለሁ። አምና በእስቴና በጋይንት የብዙ ሰው ጥርስ ሞልቼ ነበር። መሙያው ኤሌክትሪክ ሳያስፈልገው በእጅ የሚለወስ ነው፤ በቤተ ሙከራችን የማኘኪያ ማሽን ተፈትኖም አልፏል። ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ይከፋፈል የሚለው ሪፖርት የእኔን ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ከመፈረሜ በፊት የሞላኋቸውን ጥርሶች በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የወጣሁት።

መካነ ኢየሱስ

ነርሷ ሲስተር ዘነበች ታካሚዎቹን ሰብስባ ጠበቀችኝ። አብዛኞቹ መምህራንና ነጋዴዎች ናቸው። ሙሌታቸው ትናንት የተሞላ ይመስላል።

«በቃ ዶክተር፣ ፈርመሽ ተገላገይ!» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ።

አርብ ገበያ

በማግሥቱ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ፣ በነፋስ መውጫ በኩል አርብ ገበያ ገባሁ። ዕለቱ ዓርብ ነውና መንገዱን ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች ሞልተውታል። መጀመሪያ ያየኋቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ የተባሉ ገበሬ ናቸው። የሙሌታቸው ጠርዝ ተሸራርፏል፤ መሐሉም ጎድጉዷል። ከእሳቸው ኋላ የመጡትም እንደዚያው።

«እትዬ፣ ምን በልተውበት ነው?»

«ምን እበላለሁ፣ ቆሎ ነዋ! የዐውድማ እህል ደግሞ ቢያበጥሩትም ቢለቅሙትም አሸዋ አያጣውም።»

ክው አልኩ። የእኛ ማሽን የሚያኝከው አሸዋ በሌለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው፤ የመካነ ኢየሱስ መምህራንና ነጋዴዎችም እንደ ገበሬው ቆሎ አያዘወትሩም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከዚያው ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ።

ቤተ ልሔም

ሰኞ ዕለት እዚህ የመጣሁት አምና የሞላሁላቸውን አንድ የድጓ መምህር ለማየት ነው። የኔታ ገና ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ትንሽ ነጭ የሙሌት ስባሪ አሳዩኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ አደራሽን ሰበርኩት። በዐቢይ ጾም ቆሎ ስቆረጥም ወጣ። ትፈልጊው ይሆናል ብዬ አኖርኩት።»

ስባሪውን በመዳፌ ተቀበልኩ። ይህን ሁሉ ወር በአንድ ጎን እያኘኩ፣ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ኖረዋል።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ ሳልፈትነው ነው የሞላሁልዎ።»

ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እኛም ጋ ያው ነው። ጎጆው ውስጥ ያዜመ ሁሉ ማኅሌት ሲቆም አይዘልቅም።»

ጾም ስለሆነ ውኃ በአፌ አላስገባም አሉ። የተማሪዎቹን ዜማ እየሰማሁ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ። ከዚያ ወይራ ጥላ ሥር አስቀምጬያቸው፣ በባትሪ በሚሠራ መብራት በሚጠነክር ሌላ መሙያ ሞላሁላቸው። ወዲያው ቆሎ ዘግነው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። የቀረውን በታመመው በኩል ሲቆረጥሙ ድምፁ ተሰማኝ።

«ያዘ!» አሉ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው።

ቤት

ባሕር ዳር ስመለስ የወይዘሮ ጥሩነሽን ቆሎ ፈጭቼ ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩ። ጥቂት ቀን አልፈጀም፤ ናሙናው ልክ በአርብ ገበያ እንዳየሁት ጠርዙ ተሸራረፈ። ባልደረቦቼ ቅር አላቸው። እኔ ግን ቀለል አለኝ፤ ስህተቱ የተገኘው መሙያው ገና በየጤና ጣቢያው ሳይደርስ ነው። መሙያ መፈተን ያለበት በሚበላው ሰው ምግብ እንደሆነ የተማርኩት ከእነዚያ ሰዎች ነው። ሪፖርቱን አልፈረምኩም። ከፊርማው ቦታ ላይ «ቆሎ የማይችል መሙያ ለጋይንት አይሆንም» ብዬ ጻፍኩበት።