ከዕጣ በፊት የተነሣ መደብ

በ2001 ዓ.ም. በበልጉ፣ ዝናቡ ሶዶን ጭቃ ባደረጋት ሰሞን፣ አንድ ነጋዴ የከተማችንን የእግር ኳስ ክለብ ልውሰድ ብሎ መጣ። ክለቡን ሲወስድ ልጄንም አብሮ መውሰዱ ነበር።

ልጄ በረኛ ነበር። በመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ደርሶ፣ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ይለማመዳል። ክለቡ ከታችኛው ሊግ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ሜዳ ሄጄ አላውቅም፤ ማሊያውን የማጥበው ግን እኔ ስለነበርኩ በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ ከጭቃው አውቅ ነበር። ሳይሰበር በተመለሰ ቁጥር ጌታን አመሰግናለሁ።

ክለቡ የማን ነው ቢባል የሚመልስ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ነው ይላል፤ ሕዝቡ የማዘጋጃ ቤቱ ነው ይላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ነበር። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። እጁን ያወጣው አጠገቡ የተቀመጠው ስላወጣ ነበር። ደመወዝ ተቀብሎ ሲመጣ፣ “በዚህ ወር የልጃችንን የግራ ጫማ ገዝቻለሁ፤ በሚቀጥለው የቀኙን” እያለ ይቀልዳል። ልጁ ግን የሚጫወተው ጣቱን በሚያሳይ ጫማ ነበር። ታዲያ የተገዛው ጫማ ማን እግር ላይ ነው? እሱ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም።

በዚያ ዓመት ሠራተኞቹ አጉረመረሙና መቁረጡ ቀረ። ማዘጋጃ ቤቱም የጎደለውን አልሞላም። ከልጄ የቡድን ጓደኞች ብዙዎቹ ከሶዶ ውጭ፣ ከተበላና ከዱቦ በኩል የመጡ ነበሩ፤ በአንድ የኪራይ ቤት አብረው ያድራሉ። ያበላቸው የነበረው ምግብ ቤት በዱቤ አላበላም አለ። ልጄ ምሳውን ቤት መብላት ትቶ በፌስታል ይዞ መውጣት ጀመረ። አየሁት፤ ቆጮውን ጨመር አደረግሁለት።

ነጋዴው ብቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። የጭነት መኪኖች አሉት። ዘሩ የሶዶ ነው፤ ነገር ግን በልጅነቱ ወጥቶ ዕድሜውን ሌላ ከተማ አሳልፎ በቅርቡ ነው የተመለሰው። በቤተ ክርስቲያናችን ከፊት ይቀመጣል፣ ሲጸልይ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ይህን ለክፉ አልቆጥርበትም። አሜን ከተባለ በኋላ ግን ማን እንደሰማው ዞር ብሎ ያያል፤ ይህ ከልቤ አልወጣም።

ለኪራይ ቤቱ ዱቄት ላከ። እናቱ እዚሁ ከተማ ላለች ተጫዋች ደግሞ ለእናቱ ላከ። አንድ ጆንያ ደረሰን። ባለቤቴ ሊፈታው ሲያጎነብስ፣

“ተወው” አልኩት።

“ለምን? ዱቄት እኮ ነው።”

“ዱቄት መሆኑንማ አየሁ። የምን ዋጋ እንደሆነ ነው ያልነገሩን።”

ጆንያውን አፉ እንደታሰረ ጥግ አስደግፈን ተውነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የተቀመጠ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ራሱ መጣ። ጭቃውን በራፉ ላይ ጠርጎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ከጃኬቱ ወረቀት አወጣ።

“እናታችን፣ ልጅዎ እናቴ ካልመረቀችኝ አልፈርምም ብሎኛል። ጥሩ አሳድገውታል።”

“ያሳደገው ጌታ ነው። ወረቀቱ ምን ይላል?”

“አራት ዓመት የእኔ ተጫዋች ይሆናል። ደመወዙ በየወሩ፣ ልምምዱ ጠዋትና ማታ።”

“ጠዋት ኮሌጅ ነው።”

“ኮሌጅ የትም አይሄድም እናታችን። የሚሄደው ጉልበት ነው።”

እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ይበልጥ አስፈራኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ ወንድሜ። ሲሰለችዎትስ?”

“ምኑ?”

“ኳሱ።”

ሳቀ። “ያኔ እሸጠዋለሁ። የራሴ ከሆነ ብሸጠው ምን አለ?”

“ሜዳው የመንግሥት ነው። ታዲያ ምኑን ነው የሚሸጡት?”

“ስሙን፣ በሊጉ ያለውን ቦታ፣ ተጫዋቾቹን።”

ይህን ያለው ልጄ ባለበት ነው። ልጄ አንገቱን ደፋ።

አልዋሸኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የሕዝብ በነበረበት ጊዜ ብጠይቅ ይህን ያህል እንኳ የሚመልስልኝ አላገኝም ነበር። “ቅዳሜ በሬ አርዳለሁ፤ ፊርማውም እዚያው ይሆናል” ብሎ ወጣ። ባለቤቴ እስከ በሩ ሸኝቶት ተመለሰና፣ “የሁሉም ሲሆን ራባቸው። የአንድ ሰው ሲሆን ይበላሉ። ሦስተኛ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ” አለኝ።

የበሬው ነገር እንዲህ ነው። ነጋዴው የሁላችንም እንዲሆን ብሎ እያንዳንዱ ቤት የአቅሙን እንዲያዋጣ አስነገረ። አዋጣን። በእኛ ዘንድ ወንዶቹ ለመስቀል በሬ፣ ሴቶቹ ለመስቀል ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ስለዚህ ለበሬ አዋጡ ሲባል ምን እንደሚከተል ልጅ እንኳ ያውቃል። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይዘረጋል፤ መደቡ በቤቶቹ ቁጥር ልክ ነው። እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቅጠል። ሲመደብ ያላየ ሰው ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ከዚያ በፊት ማንም አይነካም። በሬውን የገዛውም፣ ያረደውም፣ ሹሙም።

ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር ከጎሉ ጀርባ ቆምኩ። ሥጋውን የመደቡት የሰፈራችን የመስቀል በሬ ማኅበር መሪ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልደኛ። ተጫዋቾቹ እንደ አንድ ቤት ተቆጥረው የጫማ ማሰሪያ ምልክት ሰጥተዋል። ራቅ ብሎ ጠረጴዛ ቀርቧል፤ ላዩ ላይ የሚፈረምባቸው ወረቀቶች በድንጋይ ተጭነዋል።

ምልክቶቹ ተሰብስበው ሊጣሉ ሲሉ ነጋዴው ከመንግሥት ቢሮ ከመጡ እንግዶች ጋር ደረሰ። መደቦቹን ዞሮ አየና አንዱን በጣቱ አሳየ።

“ይህንን ለእንግዶቹ መኪና ላይ ጫኑልኝ።”

“ጌታው፣ ዕጣው አልተጣለም” አሉ ሽማግሌው።

“አባባ፣ በሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እኮ።”

“እኛስ ያዋጣነው ለምኑ ነው? ለጅራቱ?”

ሰው ሳቀ። ነጋዴውም አብሮ ሳቀ። “እንግዲያው ጅራቱን ለአባባ ስጧቸው!” አለ። መደቡ ተነሥቶ ተጫነ። በክፋት ያደረገው አልመሰለኝም። እንግዳ ማክበሩ ነበር። ምን እንደነካ አላወቀም፤ እኔን ያስደነገጠኝ አለማወቁ ነው። አዋጡ ሲለን የሁላችን ያለው፣ ሲያነሣ የእሱ ሆነ፤ ሁለቱም ለእሱ አንድ ነገር ነበሩ።

ሳቁ ቆመ። ማንም አልተቆጣም። ዕጣ እንዲጥል የተጠራው ሰው መጥቶ ምልክቶቹን ጣለ፤ ጠጠሩ ወደቀ፣ እንጨቱ ወደቀ፣ የእኛ ቤት ቅጠል ወደቀ። መደቡ አለቀ። በሰውዬው እጅ ላይ የጫማ ማሰሪያው ቀረ።

ሽማግሌው ማሰሪያውን ተቀበሉት፣ አዩት፣ ልጄን አዩት። ከዚያ ቢላዋቸውን አንሥተው ከራሳቸው መደብ ቆርጠው መደቡ በተነሣበት ባዶ ቅጠል ላይ አስቀመጡ። ሌላውም ቆረጠ። ባለቤቴም ቆረጠ።

ወደ ጠረጴዛው ሲጠሩ ተጫዋቾቹ ልጄን አዩት፤ በዕድሜ እሱ ይበልጣቸዋል። “ዛሬ አይሆንም፤ እናስብበት” አለ። ነጋዴው እንግዶቹ ፊት ስለነበር ፈገግ አለ፤ “እስከ ነገ አስቡ” ብሎ ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

ቤት ስንገባ ልጄ ጫማውን እያወለቀ፣

“አዬ፣ እኔ አልፈርምም” አለኝ። በቤታችን እናት “አዬ” ተብላ በቋንቋችን ነው የምትጠራው። “ግን እኔ እናት አለችኝ። እነዚያን ማን ያበላቸዋል? እነሱ ካልበሉ ነገ ይፈርማሉ።”

“ዛሬ ያበሉ አሉ አይደል?” አለ ባለቤቴ። “ሰፈሩ ሁሉ ሲቆርጥላቸው አላየህም?”

እኔ ሰፈሩንም አላመንኩም። ሥጋ ፊቱ ተዘርግቶ ሰው እያየው የሚቆርጥ ብዙ ነው። ሰኞስ? ማክሰኞስ? እኛ እጅ ማውጣት እናውቅበታለን፤ እጁ ከወረደ በኋላ ነው የምንጠፋው። ነጋዴውን ተጠራጥሬ ጎረቤቴን ካልተጠራጠርኩ ፍርዴ የተዛባ ነው። ራሴንስ? ከፌስታሉ ሌላ ምን ሰጥቻለሁ? ይህን በጸሎት አቀረብኩ፤ መልሱ ቶሎ መጣ፤ ስለ ቶሎነቱም አመሰገንኩ፣ ደስ ባይለኝም።

በነጋታው ጠዋት፣ አምልኮ ሳይጀመር፣ ባለቤቴ ጆንያውን ተሸከመልኝና ወደ ነጋዴው ቤት ሄድን። በሩን ራሱ ከፈተ።

“እናታችን፣ መርዝ እኮ የለበትም” አለኝ።

“አውቃለሁ ወንድሜ። ስላሰቡልን ጌታ ይባርክዎ” ብዬ ደጁ ላይ አስቀመጥነው።

ተመልሼ ለመስቀል የማጠራቅመውን ቅቤ ማሰሮ ከጓዳ አወጣሁ። በበልግ የመስቀል ቅቤ የሚነካ ቤት በሰፈራችን የለም። የጎረቤቴ ሚስት በአጥር በኩል አይታኝ፣ “ምን ነካሽ?” አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ በቅቤው ላይ የነበረውን ቅጠል አነሣሁና፣ ቆጮውን በቅቤ ለውሼ ወደ ኪራይ ቤቱ ይዤ ሄድኩ።