ማሽኑ ደብረ ብርሃን፣ ካሴቱ አልዩ አምባ

ከቆላ የመጣ ዕቃ ገና ሳይፈታ በጠረኑ ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪና የሚነዳው ጌታቸው ሱቄ ገብቶ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ከአልዩ አምባ ከድር ልኮልዎታል» ብሎ በጥጥ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር ባንኮኒው ላይ ሲያኖርልኝ አፍንጫዬ ከእጄ ቀደመ። ጥጥ ሸተተኝ፣ አቧራ ሸተተኝ፣ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስስ የናፍጣ ሽታ። ናፍጣው ከጌታቸው መኪና ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ደብረ ብርሃን ካለው ሱቄ አንስቶ፣ ያደግኩባት ጎረቤላ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ በምትጋራው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴን አሳቅፎ አስቀመጠኝ።

ነጋዴ ነኝ። ብርድ ልብስ፣ ቴርሞስ፣ ሪሞት፣ የቆመ ሰዓት ሳይቀር የማልሸጠው ነገር እንደሌለ ከተማው ያውቃል፤ ባለቤቴ ጽጌ «አንድ ቀን እኔንም ከነብርድ ልብሴ ትሸጠኛለህ» ትለኛለች። ከሱቁ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ግን አይሸጥም። እዚያ ላይ የተቀመጡት ድሮ ከውጭ የመጡ የጌም ማሽኖች ናቸው፤ የጃፓኑ፣ የዱባዩ፣ በጅቡቲ በኩል በስንት ከረጢት ተደብቆ የገባው፣ አንዳንዱ ከዕድሜ ብዛት እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ የሆነ። ጌም ቤቱን ዘግቶ ሻይ ቤት ከከፈተው ሰው ገዛሁ፣ ቤት ሲያጸዱ ወደ ቆሻሻ ሊጥሉ ካሉት ለመንኩ፣ የተበጠሰውን ገመድ ቀጠልኩ፣ ጆይስቲክ የጎደለውን ከሌላው አጋባሁ። ሁሉም ይሠራሉ። የመጀመሪያው ብቻ፣ ሌሎቹን ሁሉ ያስሰበሰበኝ ግራጫው፣ ለብቻው አይሠራም። ካሴቱ አልዩ አምባ፣ ከድር ዘንድ ነው የሚኖረው። በጥጡ ውስጥ የነበረው ይኸው ካሴት ነው። ለዚህ ነው ሳየው ደስ ያላለኝ።

ከድር ስልኬ ላይ ድምፁን ቀርጾ ልኮልኝ ነበር። «ታዴ፣ ካሴቱን ልኬልሃለሁ። ያ የአዲስ አበባው ልጅ ሙሉው ካልሆነ አልገዛም ካለህ፣ ይኸው ሙሉ ሆነልህ፣ ሽጥለት። መንገዱም እንደምታየው ነው፣ ጉልበቴም እንደዚያው። እኔ ከእንግዲህ ያንን አቀበት የምወጣ አይመስለኝም። ወላሂ አልቀየምህም።»

የአዲስ አበባው ልጅ አሮጌ ጌም ይሰበስባል። ጫማው ከእኔ ሱቅ በር የጸዳ ሰው ነው። መደርደሪያዬን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ «ፋዘር፣ ይሄ ታሪክ ነው እኮ! ካፌዬ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ነው የማስቀምጠው» አለኝ። ዋጋ ጠየቀ፣ ዘመኑን ጠየቀ፣ ካርቶኑ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ይሠራል ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። ያኔውኑ ሆዴ ከእሱ ሸሸ፤ ለከድርም በስልክ ያወራሁለት ለመሳቅ ያህል ነበር።

ከድር የጋሽ ሰይድ ልጅ ነው። ጋሽ ሰይድ በአልዩ አምባና በጎረቤላ መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ ጨውና ጥጥ ወደ ላይ፣ ገብስና ባቄላ ወደ ታች የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔም ንግድ የተማርኩት የጎረቤላ ሱቃቸው ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው። እኚህን ሰው ያታለለ ሰው ቢኖር ያንን ማሽን የሸጠላቸው ብቻ ነው። በበረሃ በኩል ዕቃ የሚያመጣ ደንበኛቸው «ዴክ ነው» አላቸው። ያኔ ዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ጎረቤላ ላይ ማስገባት ሲኒማ ቤት የመክፈት ያህል ነበር። በበቅሎ፣ በጥጥ መካከል ቀብረው አቀበቱን አወጡት። ጥጡ ሲገለጥ የፊልም ካሴት የሚገባበት አፍ የለውም፤ አብሮት ያለው ካሴት አንድ፣ እሱም የሳሙና ቁራጭ የሚያህል፣ ላዩ ላይ የጃፓን ጽሕፈት የሰፈረበት። ጋሽ ሰይድ አገላብጠው አዩት፣ የሚስቅባቸው ሰው እንዳለ ግራና ቀኝ አዩ፣ ከዚያም ረጋ ብለው፣ «ለልጆች ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት» አሉ። እኔ ስለ ንግድ ከዚያች ንግግር የበለጠ ትምህርት ከየትም አላገኘሁም።

በሰፈራችን መብራት አልነበረም። የነበረው የጋሽ ሞገስ የናፍጣ ወፍጮ ነው። ጋሽ ሰይድ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ክፍል ተከራዩ፣ ከሞተሩ ላይ በቀበቶ የሚዞር ዲናሞ አስገጠሙ፣ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አስቀመጡ። እንግዲህ ወፍጮው ሲፈጭ ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ እህሉ ሲያልቅ ጋሽ ሞገስ ናፍጣቸውን ለመቆጠብ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ የእኛም ዓለም አብሮ ይጠፋል። ጎረቤላ ጉሙ ሲወርድ አጠገብህ ያለውን ሰው የሚያሳይ አይደለምና ካሴቱም እርጥበት እየገባበት እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ከመሰካቱ በፊት አንዳችን ብብታችን ውስጥ ወትፈን እናሞቀዋለን። ብብቱ ይበልጥ የሚሞቀው የማን ነው በሚለው እንኳ ብዙ ተደባድበናል።

ጨዋታው ውስጥ አንድ አጭር ሰውዬ አለ፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ጀርባው ላይ ሸክም፣ ፊቱ የማያልቅ ተራራ። ወፎች እየመጡ ሸክሙን ይነጥቁታል፣ ድንጋይ ይንከባለልበታል፣ በረዶው ያንሸራትተዋል። ጽሑፉን የሚያነብ ስለሌለ ታሪኩን እኛው ሰጠነው። ሰውዬው የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ነው፤ ተራራው የአንኮበር አቀበት ነው፤ ወፎቹ፣ ኬላ ላይ ዕቃ የሚወርሱት ፊናንሶች ናቸው። ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን ከኋላችን ቆመው አይተው፣ «ይሄ ሞኝ ነው፤ በጠዋት ቢነሳ ኖሮ ፊናንስ አያገኘውም ነበር» አሉና ወጡ። ጨዋታውን «አቀበት» አልነው። ሻርፑ ቀይ መሆኑን ያወቅሁት ደብረ ብርሃን ገብቼ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ላይ ስሰካው ነው፤ ከድር ግን በዓይኑ እያየ እንኳ «አረንጓዴ ነበር፣ ያንተ ቴሌቪዥን ነው የተበላሸው» ብሎ ሞገተኝ።

ሕጉ አንድ ነበር። የሞተ ይለቅቃል። ሰውዬው ገደል ሲገባ ጆይስቲኩን ለተረኛው ትሰጣለህ፤ አለቀስክ አላለቀስክ፣ ባለቤቱ ልጅ ሆንክ አልሆንክ። ከድር የአባቱ ማሽን ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ተራ አልዘለለም፤ ሲሞት ይለቅቃል፣ ሌላው ሲሞት ግን ጆሮው ሥር ገብቶ «ሞተሃል፣ ልቀቅ!» ብሎ የሚጮኸው ጩኸት ወፍጮውን ያስንቅ ነበር።

የእህሉ ነገር ነበር ያስቸገረን። ጨዋታው የደረስክበትን አያስቀምጥልህም፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁሉም ከታች ይጀመራል። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ድንገት ሥራ ወዳድ ሆነ። ውሃ ቅዳ ሲባል ሆዴን ይል የነበረው ሁሉ፣ ሳይላክ ገብስ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሰለፋል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ልብ ገዛ» ብላ ታወራ ነበር። እህል ሲጠፋ የተፈጨውን ዱቄት መልሰን የወሰድን አለን፤ ጋሽ ሞገስ ከረጢቱን ከፍተው አይተው፣ «ይሄን ልፈጨው ነው ወይስ ልባርከው?» ብለው መለሱን።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጉሙ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሰውዬው በእኔ እጅ ማንም አድርሶት የማያውቅበት ከፍታ ደረሰ። ወፎቹ ከሥር ቀሩ። በረዶው አለቀ። ከላይ አንድ በር የመሰለ ነገር ታየ። በግድግዳው ማዶ ግን ወፍጮው ባዶውን መንጫጫት ጀምሯል፤ የመጨረሻዋ ሴትዮ ዱቄቷን እያሰረች ነው። ከድር ተፈትልኮ ወጣ። ወፍጮው እንደገና ከበደው፣ አጓራ፣ ስዕሉ ተርገብግቦ ረጋ፣ እኛም «እህል ተገኘ!» ብለን ጮኽን። የተገኘው ግን እህል አልነበረም። ከድር ከአባቱ መጋዘን ያገኘውን የጨው ድንጋይ በሰፌድ ዘግኖ ወፍጮው አፍ ውስጥ ጨምሮት ነው። ሰውዬው ወደ በሩ ሊዘል እግሩን ሲያነሳ፣ ከማዶ ብረት ብረትን የነከሰ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የጋሽ ሞገስ እሪታ፣ ቀጥሎ ጨለማ።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤላ ለብዙ ቀን ጨው ሳያስፈልጋት ዳቦ ጋገረች። ጋሽ ሞገስ ድንጋዩን አስወቀሩ፣ ዲናሞውን ነቅለው ጣሉ፣ ክፍሉ ተዘጋ። እኔና ከድር ደግሞ ማሽኑ የማን ይሁን ብለን ፊት ለፊት ቆምን፤ እሱ የአባቴ ነው ይላል፣ እኔ በሩ ጋ ያደረስኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ጋሽ ሰይድ አዳመጡን። ማሽኑን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ፣ ካሴቱን ለልጃቸው። «እንዲህ ከሆነ አንዳችሁ ካለ ሌላው አትጫወቱም» አሉ፣ «መኳረፍ ከፈለጋችሁም ይኸው፣ ኩርፊያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።» ልጃቸውን ይዘው ወደ አልዩ አምባ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፣ እሱ አባቱን ተክቶ ነገደ። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ግን ከድር ሽንኩርቱን ወይም ጥጡን ጭኖ ይመጣል፣ ካሴቱም በብብቱ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ጽጌ ለእሱ የሰጋጃ ቦታ ታሰናዳለች፣ እኔ ቴሌቪዥኑን አወርዳለሁ፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች ሱቅ ዘግተን «ሞተሃል፣ ልቀቅ!» ስንባባል እናመሻለን። እዚያ በር ጋ ዳግመኛ ደርሰን አናውቅም። መብራቱ አሁን አለ፤ ጣታችን ነው ያረጀው። ልጄ ሕይወት ተማሪ ናት፤ አንድ ቀን «አባዬ፣ ጨዋታችሁን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፣ ስሙም ሌላ ነው፣ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሲጫወተው ይታያል፣ በሩ ውስጥ ያለው—» ስትል ስልኳን ከእጇ ወስጄ በፊቱ ደፋሁት። ስሙ አቀበት ነው። በሩንም የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ወይም ከድር ነው፤ የማናውቀው ሰው አይከፍትልንም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መንገዱ በጸጥታው ችግር አንድ ቀን ተከፍቶ ብዙ ቀን ይዘጋል፤ ክረምቱ ወጣ፣ ከድር አልመጣም። ጌታቸው እንኳ የሚያልፈው እየጠየቀና እየተጠየቀ ነው።

እናም ሱቄን ገርበብ አድርጌ፣ ካሴቱን ከጥጡ አወጣሁት። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ብብቴ ውስጥ ከተተው። ሞቀ። ከማሽኑ አፍ ላይ አድርጌ ያዝኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም በእጄ ናቸው፣ መብራት አለ፣ ተረኛ የለም፣ ደግሞ ደጋግሜ ብሞት የሚነጥቀኝ የለም። ጠብ የሚያነሳ ሰው የለም። እዚያ ላይ ነው የቀዘቀዘብኝ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ልቀቅ ካላለኝ፣ መያዜስ በምን ይታወቃል?

የጠፋውን አውቃለሁ። ጋሽ ሰይድ የሉም። የጋሽ ሞገስ ሞተር ተነቅሎ ቆራሌው ወስዶታል። ከዚያ ክፍል ልጆች ግማሹ የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ አንዳንዱን ባገኘው ደግሞ ስለ ኑሮ እንጂ ስለ አቀበት የሚያወራ አይሆንም። ይህ ሁሉ ሄዷል፣ እሺ፣ ይሂድ። ገና ያልሄደውን ግን እንደሄደ ቆጥሬ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ፣ ቡና የሚጠጣ ሰው እንዲያየው አልሰጥም።

ለአዲስ አበባው ልጅ ደወልኩለት። «ፋዘር፣ ሙሉ ሆነ እንዴ?» አለኝ።

«ሙሉ የሚሆነው ሰዎቹ ሲገናኙ ነው» አልኩት። ዋጋ የጨመርኩበት መስሎት ሊከራከረኝ ጀመረ፤ ዘጋሁት።

ካሴቱን በዚያው ጥጥ ጠቀለልኩ፣ በዚያው ሲባጎ አሰርኩ፣ ጌታቸው ጭነቱን አራግፎ ወደ ታች ሊመለስ ሲል መኪናው መስኮት ላይ ደረስኩበት።

«መልስለት።»

«አሁን አይደል እንዴ ያመጣሁት?» አለ። «ሰውዬው እኮ ይሸጥ ብሏል። ምን አጠፋሁ ይለኛል፤ ምን ልበለው?»

«መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ማሽኑን ተሸክሜ እኔ እወርዳለሁ በለው። እሱ አቀበት ካቃተው እኔ ቁልቁለት አላቃተኝም። ቴሌቪዥኑን ብቻ ያዘጋጅ፣ ባለ ቀለም ይሁን፣ ያ የሻርፕ ነገር እዚያው ይለይለታል።»

ጌታቸው ሳቀ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ናፍጣው ሸተተኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጎን ለጎን ጥቂት ሮጥኩና መስኮቱን በመዳፌ መታሁት።

«ደግሞ ይሄን በለው» አልኩት። «ማን ልቀቅ አለህ? በለው።»