የእንኮይ ውሃ መልስ

ያን ቀን ወንዙ ላይ የነበርነው እናቴ፣ እኔ፣ ገና ጡት የጣለው ወንድሜ ደሴ፣ የጎረቤታችን ልጅ እንጉዳይ እና ቀፎ ሰቃዩ አያ ፈንቴ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነሱን አንድ በአንድ በየቦታቸው አቆማለሁ።

እንኮይ ውሃ ከአይከል ወዲህ፣ ከመንደራችን በታች ባለው ጫካ ውስጥ የምትወርድ ትንሽ ወንዝ ናት። በበጋ ልጅ ይዘላታል። ከላይ ምንጩ አለ፤ ለመጠጥ ብቻ የሚቀዳበት ስለሆነ እግሩን የነከረበት ልጅ ይገረፍ ነበር። ከምንጩ ዝቅ ሲሉ ወንዟ በወይራና በዝግባ መካከል ትጠብና ቀፎ ዛፍ የምንለው ጋ ይደረሳል። አያ ፈንቴ ቀፏቸውን የሚሰቅሉበት ትልቅ ዋንዛ ነው፤ ሥሩ ሁልጊዜ ጭስ ጭስ፣ ሰም ሰም ይሸታል። ከዚያ በታች ወንዟ ትታጠፍና ትሰፋለች፤ ያንን የሴቶች ባህር እንለዋለን። ባህር ማለታችን ለወግ ነው እንጂ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ልብስም ገላም የሚታጠበው እዚያ ነበር።

ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ምንጩ ጋ የቆመ ሰው ባህሩ ላይ ያለውን አያይም። የምንገናኘው በድምፅ ነው። በክረምት እኛ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ይዘንብና ደራሽ ውሃ ይመጣል። ያን ጊዜ ምንጩ ጋ ያለው «ውሃ ወረደ» ብሎ ይጣራል፤ ቀፎ ዛፍ ያለው ተቀብሎ ወደ ታች ይጣራል። ባህሩ ላይ ያለው «ሰማሁ» ይላል፤ ቃሉም በመጣበት መንገድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ጆሮ ለሰጠ ግን የታችኛው ሰው ድምፅ ራሱ ምንጩ ድረስ በስሱ ይሰማል። የተጣራ ሰው መልሱ ሳይደርሰው ከቦታው አይነቃነቅም።

ጳጉሜ ነበር። የጳጉሜ ውሃ ጠበል ነው ስለሚባል እንጉዳይ ደሴን ልታጥበው አዝላው ወደ ባህሩ ወረደች። ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ግን እናቴ ከእኔ ይልቅ እሷን ታምናት ነበር። «አንቺማ ልጁን ጥለሽ እንኮይ ትለቅሚያለሽ» አለችኝና ከእሷ ጋር ምንጩ ጋ አስቀረችኝ። ተቀይሜ እንስራውን እያጠብኩ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድንገት እናቴ እጇን ከውሃው አወጣችና ወደ ላይኛው ጫካ ጆሮዋን ሰጠች። እህል ከስልቻ ሲገለበጥ የሚመስል ድምፅ ነበር።

«ውሃ ወረደ» ብላ ተጣራች። አያ ፈንቴ ተቀበሏት። ወዲያውም «ሰምተዋል፣ ሰምተዋል» የሚል መልስ መጣ። እኔ እንስራዬን አነሳሁ፤ እናቴ ግን እንደቆመች ቀረች።

«የእንጉዳይን ድምፅ ሰማሽ?» አለችኝ።

«አያ ፈንቴ ሰምተዋል አሉ እኮ።»

«እሳቸውንማ እኔም ሰማሁ።»

እንስራዋን ጥላ ቁልቁል ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ወንዟ ከጎናችን እየቀላች፣ እያበጠች፣ ግንድ እያላተመች አለፈችን። አያ ፈንቴ ዋንዛው ሥር ቀፎ እየጠፈሩ ነበር።

«ምነው፣ ንብ አባረረሽ?» አሏት እየሳቁ። «ልጆቹ ቅድም በዚህ ወደ ላይ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ወጥተዋል፤ ለዚያ ነው የመለስኩልሽ።»

«ወጥተው የት ገቡ አያ? ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ዘንድ አልደረሱም።»

አያ ፈንቴ የያዙት ልጥ ከእጃቸው ወደቀ። እንጉዳይ ለካ ወደ ላይ ያለፈችው እንዶድ ልትቆርጥ ኖሯል፤ ከዚያ በሌላው ዳር ተመልሳ ወርዳለች።

ባህሩ ጋ ስንደርስ ባህር የለም፤ ሁሉም ቀይ ውሃ ነው። የደሴ እጀ ጠባብ ዳር ባለው የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ እንደተሰጣ ነበር። እናቴ አልጮኸችም። ወንዙ ድምጿን እየዋጠባት «እንጉዳይ» እያለች ትጣራለች፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ደግማ ትጣራለች። አያ ፈንቴ ውሃው እስከ ወገባቸው ገብተው ግንድ ግንዱን በበትራቸው ይነካካሉ። እኔ እጀ ጠባቡን አቅፌ ቆምኩ፤ የእንዶድ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የውሃው ጩኸት ቀነሰ። ያኔ ከወዲያ ማዶ፣ ከገደሉ ላይ፣ የደከመ ድምፅ «ሰማሁ» አለ።

እናቴ ተቀመጠች። «ድገሚው» አለች።

«ሰማሁ፣ እትዬ። ደሴም አለ። ተኝቷል።»

«ድገሚው ልጄ።»

ውሃው ጎድሎ እስኪሻገሩ ድረስ ስታስደግማት ቆየች። እንጉዳይ የማንንም ጥሪ አልሰማችም። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ሲደፈርስ አይታ፣ ልጁን አዝላ ቅርብ ወደነበረው ዳር ወጣች፤ ከዚያ እየጮኸች ብትመልስም ድምጿ አልደረሰንም። አያ ፈንቴ ያን ማታ እናቴን ቀና ብለው አላዩአትም። ከዚያ ወዲህ ጥሪ ሲመጣ ባህሩ ድረስ ራሳቸው ይወርዱ ነበር። እናቴም «ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲመልስልሽ እግርሽን አንሺ» ትለኝ ነበር።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ነው የምኖረው። ውሃ በቧንቧ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋም ያለ ጥሪ ይጠፋል። ጫካው ሳስቶ ከምንጩ እስከ ባህሩ ወለል ብሎ ይታያል አሉ፤ የሚጣራ ግን የለም። ልጆቼ ሲያመሹ ለየብቻ እደውላለሁ። ወንዱ ልጄ ስለ እህቱ «እሷም ደህና ናት» ቢለኝ «ስልኩን ስጣት» እላለሁ። ይስቁብኛል። ደሴ መኪና ይነዳል፤ እሱም ይስቅብኛል፤ ግን እንጉዳይን ባነሳሁበት ቀን አይስቅም።

እንጉዳይ አግብታ ዛሪማ ገባች። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከቆየ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። ገበያ ላይ ያገኘኋት የዚያ አገር ሴት «ሸጋ ናት፣ ምንም አልሆነች» አለችኝ። አይተሻታል ወይ ብላት፣ አላየቻትም፤ ከሰው ሰምታ ነው። ሌላም ሰው እንዲሁ አለኝ። ሁለቱም ለእኔ አዝነው ነው፤ አያ ፈንቴም ክፋት አልነበራቸውም።

ዛሪማ ያላችሁ፣ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ እንጉዳይን ጠይቁልኝ። ረጅም ናት፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ የእንኮይ ውሃዋ ልጅ ስትባል ታውቃለች። ደህና ናት ብላችሁ አትመልሱልኝ። እሷን አግኙና ራሷ ትመልስልኝ።