የከበበው ወደብ

ከበበውን አንቱ ብዬው አላውቅም። የሚበልጠኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሚስቱ ዓለሚቱ ደግሞ ጓደኛዬ ናት። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ አጥር ለአጥር ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረናል። የሰፈሩ ሰው «ከበበው ፖላንድ» ነበር የሚለው። አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።

ፖላንድ የሄደው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የመርከብ ጥገና እንዲማር መንግሥት ልኮት። ሦስት ዓመት የተቀመጠባት ከተማ ግዳንስክ ትባላለች። እኛ ደጅ ጎመንና ቃሪያ ትሸጥ የነበረችው ሞልቱ ስሟን መጥራት አቅቷት «ያቺ ጋንስኪ» እንዳለች ቀረች። ሲመለስ አሰብ ተመደበ፣ ዓለሚቱን እዚያው አገባ፣ በሰማንያ ሦስት ሁሉ ነገር ሲገለባበጥ አንድ ሻንጣና አንድ የመፍቻ ሣጥን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ጎፋ አንድ ጋራዥ በያጅ ሆኖ ተቀጠረ። መርከብ ሲበይድ የነበረ ሰው ጡረታ እስኪወጣ የሚኒባስ በር ሲበይድ ኖረ። ሲያማርር አልሰማሁትም። ብቻ ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ደጅ ወጥቶ ጎርፉን ቆሞ ያይ ነበር።

ቤታቸው ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው። መጀመሪያ በተደራረበ ድንጋይ ነበር የምንወጣው። በሰማንያ ስድስት ሰው ሁሉ በግንብ ሲያጥር እሱ የቆርቆሮ አጥሩን ነቅሎ ደጁን ወደ መንገድ ከፈተው። ከበሩ ፊት በጥርብ ድንጋይ መድረክ ሠራ፤ ከፍታው እስከ ሰው ወገብ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ መቀመጫ፣ ከመንገድ መውጫው አምስት ደረጃ። የብረት መከታውን ራሱ በየደው። ጥጉ ላይ የዝናቡ ውሃ የሚወርድበት ከላሜራ የተሠራ የዓሣ ራስ አደረገለት፤ ሲዘንብ ዓሣው ውሃውን መንገድ ላይ ይተፋል። የሰፈሩ ልጆች ዳመና ሲያዩ ወደዚያ ዓሣ ነበር የሚሮጡት።

ሰው ሳቀበት። መንገድ ላይ ሳሎን የሚሠራ አላየንም ተባለ። እሱ ሲያስረዳን፣ በዚያ ከተማ የነጋዴዎቹ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው አለ። በሩ ፊት የድንጋይ መድረክ አለ፣ ዙሪያው አበባና መላእክት የተቀረጸበት፣ ጥጉ ላይ ውሃ የሚተፋ የአውሬ ራስ ያለበት። ነጋዴው እዚያ ቁጭ ብሎ ከመርከብ የወረደውን እንግዳ ያነጋግራል፣ ንግዱን ይነግዳል፣ ጎረቤቱን ያማል።

«ቤትም አይደለህ፣ መንገድም አይደለህ» አለን። «ወዳጅንም ባዳንም ሳታስገባ ሳታስወጣ ታነጋግራለህ።»

ሞልቱ ቃሪያዋን እየደረደረች ሰምታው፣ መርከቡ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚመጣው፣ በአቃቂ ወንዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድረኩ ስም ወደብ ሆነ። አገሩ ወደብ አጥቶ እኛ ሰፈር ወደብ አለን እያልን እንስቅ ነበር። ወደብ ጋ ጠብቂኝ፣ ቁልፉን ወደብ ላይ አስቀምጪልኝ፣ እንዲህ ሆነ ነገራችን። የሳቁበት ሰዎች ሁሉ ሲመሽ ሲመሽ እዚያ ነበር የሚቀመጡት። ሞልቱም ዝናብ ሲመጣ ቃሪያዋን ይዛ ወደብ ትወጣለች።

አንድ ጉድለት ነበረው፣ እሱም ሦስተኛዋ ደረጃ። ድንጋዩን የጠረበው ለሜሳ የሚባል የፉሪ ሰው ነው፤ እጁ የተባረከ። ለሦስተኛዋ የተጠረበው ድንጋይ ሲያወርዱት ተሰነጠቀ። ሲሚንቶው ተቦክቷል፣ ዝናብ መጥቷል፣ በችኮላ ሌላ ድንጋይ አስገቡ። ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለች፣ ትንሽም ወደ ግራ አዘነበለች። ከበበው በሚቀጥለው ሳምንት ትስተካከላለች አለ። ሳምንቱ ሠላሳ ዓመት ሆነ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች እግራችን ለምዷት ጨለማ ውስጥም አትስተንም። እንግዳ ግን ሁልጊዜ ይደናቀፍባታል። ለከበበው ያቺ ደረጃ ነውሩ ነበረች። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወደብ ላይ ተቀምጠን ከበበው ስለዚያች ከተማ ያወራልናል። ስንቱን ነገረን። ከመሀል አገር በሚመጣ ትልቅ ወንዝ እህልና እንጨት በጀልባ ይወርድላት ነበር፣ እሷም ባሕሩ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ለዓለም ሁሉ ትሸጥ ነበር። ወንዙ ዳር ከእንጨት የተሠራ እንደ ቤት የገዘፈ ዕቃ ማንሻ አለ፤ ሰዎች ትልልቅ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው በእግራቸው እየረገጡ ነበር ሸክሙን የሚያነሱት። ሲራመዱ ውለው ሲራመዱ ያመሻሉ፣ አንድ ክንድ አይርቁም። ሞልቱ ይቺን ስትሰማ፣ የኔን ኑሮ ነው የሚያወራው አለች። ጀርመኑ፣ ፖላንዱ፣ ሆላንዱ፣ አይሁዱ፣ ሁሉም በየቋንቋው ይከራከርባት ነበር፤ ንጉሥ እንኳ እንደፈለገ አያዛትም ነበር አለ፤ ሀብታም ናታ፣ ኩሩም ናት።

እሱ የደረሰባት ጊዜ ደግሞ ሥጋም ስኳርም በሰልፍ ነበር። እኛም ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነበርና አልገረመንም። የገረመን ሌላ ነው። በዚያ በሶሻሊስቱ አገር፣ የመርከብ ፋብሪካው በር ላይ፣ ለተገደሉ ሠራተኞች መታሰቢያ ሦስት ሰማይ የሚነኩ የብረት መስቀሎች ቆመው ነበር። ከበበው በየጠዋቱ ሲገባ ማንም ሳያየው በልቡ ያማትብ ነበር። እዚህ ቢሆን በዚያ ዘመን ማን ይደፍራል?

ደጋግሞ የሚነግረን ግን ስለ ቃጠሎው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ከተማዋ ነደደች፤ ከመሀሏ አሥር ቤት ካለ ዘጠኙ ወደቀ። የቀድሞ ሰዎቿ አብዛኛዎቹ ሸሹ፣ የቀሩትም እንዲወጡ ተደረገ። ድንበር ሲዘዋወር ከሩቅ አገር የተፈናቀሉ ሌሎች ሰዎች መጥተው ፍርስራሹ ላይ ሰፈሩ። እነዚያ ሰዎች የተቀረጹትን ድንጋዮች ከአፈር ውስጥ እየለቀሙ፣ በድሮ ሥዕልና ፎቶግራፍ እያመሳከሩ፣ ያልኖሩባትን ከተማ እንደነበረች አድርገው መልሰው ሠሯት። እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም ነበር። የማያውቁትን ደጅ ለማን ብለው? ከበበውም፣ እንዲህ ሆኖ አይቼዋለሁ፣ ነበር የሚለው።

ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት የዓለሚቱ ዓይን መፍዘዝ ጀመረ። የዓይን ግፊት ነው አሉ፣ ዘግይታችኋል አሉ። ቀስ በቀስ ጨለመባት። ግን ቤት ውስጥ አልተቀመጠችም። በሩን ከፍታ መከታውን በእጇ ይዛ አንድ፣ ሁለት፣ ያቺ ጠማማ፣ አራት፣ አምስት እያለች ትወርዳለች፤ ከሞልቱ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ እኔ ጋ ትመጣለች፣ አቦ ትስማለች። ወደብ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ የሚመጣውን ሰው በሦስተኛዋ ደረጃ ትለየዋለች። ከተደናቀፈ እንግዳ ነው፣ «ማን ልበል?» ትላለች። ካልተደናቀፈ የሰፈር ሰው ነው፤ ድምፁን ሳትሰማ «ግባ» ትላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀዩ ምልክት የሁላችንም ግድግዳ ላይ ተጻፈ። እኔ የቀበሌ ቤት ነበርና የነበረኝ ጎፋ ልጄ ናፍቆት ጋ ገባሁ። ሞልቱ ሰበታ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። ለነከበበው ፉሪ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ከበበው ስለ ቤቱ ብዙም አልተናገረም፤ ቤት ያው ቤት ነው አለኝ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር።

«ዓለሚቱ እዚህ ዓይን አላት» አለኝ። «ፉሪ ስንገባ ነው የምትታወረው።»

ከዚያ ቀይ የዘይት ቀለም ገዛና ወደቡን ቁጥር ይጽፍበት ጀመር። እያንዳንዱን ድንጋይ ለካ፣ በባለ ካሬ ደብተር ሣለ፣ ከፍታውን ዝንባሌውን ሁሉ ጻፈ። መቶ ስድሳ ምናምን ድንጋይ። የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮውንና በሩን ሲያወልቅ እሱ ድንጋይ በድጅኖ እየነቀለ በጆንያ ያለብሳል። ሞልቱ ለመሰናበት መጥታ አይታው፣ ፉሪ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ወይ አለችው። ስቃ ስታበቃ አለቀሰች።

ድንጋዩን የጫነው አይሱዙ ፉሪ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ለሜሳ ራሱ መጣ፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። አዲሱ ቤት ፊት፣ እንደ ደብተሩ እያደረጉ ድንጋዩን አንድ በአንድ መለሱት። ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ተያዩ። ሠላሳ ዓመት ያሳፈረቻቸው ናት፣ አሁን ደግሞ ጊዜ አለ፣ ዝናብ የለም። ለሜሳ ከሥሯ ሁለት ጣት ጠረበላት፣ በውሃ ልክ አስተካከሏት። ለዓለሚቱ አልነገሯትም። ደስ እንዲላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዓለሚቱ ብቻዋን ወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ብላ ሦስተኛዋ ላይ እግሯ ወለሉን አጣው። ወደቀች። ብዙ አልተጎዳችም፣ ጉልበቷና መዳፏ ተላጠ። ከበበው ሮጦ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ድንጋዩን በእጇ ትዳብሳለች።

«ከቤ፣ የማን ደጅ ነው ይሄ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ አልወጣችም። እግሬን ያመኛል አለች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ከበበው መከታውን አስረዘመው፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ሸካራ ነገር አደረገ፣ እጅሽን ልያዝሽ አላት። እምቢ። ስልክ ደውሎ፣ ፀሐይወርቅ እባክሽ ነይ፣ አንቺን ትሰማሻለች አለኝ።

ከጎፋ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ያ መድረክ፣ ዓሣው እንኳ ሳይቀር፣ ፉሪ ላይ ቆሟል። ወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ላይ እግሬ በራሱ ከፍ አለ፤ ከዚያ ባዶ ረግጬ ወደ ፊት ተደፋሁ፣ መከታው ያዘኝ።

ከውስጥ የዓለሚቱ ድምፅ መጣ። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ ፀሐይ።»

ገብቼ ሳምኳት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ይዛ ስትናገር ከበበው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እዚህ ሁሉ ነገር ተገልብጦብኛል፣ ፀሐይ» አለች። «እንግዳው ደህና ይገባል፣ ዘመዴ ይደናቀፋል።»

ከበበው ወጥቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቼ ስከተለው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከፍቷል። የሦስተኛዋ ልክ ተጽፏል፤ ሁለት ጣት ከፍታ፣ ወደ ግራ ዝንባሌ። በራሱ እጅ የጻፈውን ነው የተላለፈው። ያን ጊዜ ከዚህ በፊት ያልነገረንን ነገረኝ። ግዳንስክ እያለ እሁድ እሁድ ዕቃ የሚሸከምላት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ፓኒ ያድቪጋ ይላታል፣ ፓኒ እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ከተፈናቃዮቹ አንዷ ናት። የምትኖርበት ቤት ፊቱ የአራት መቶ ዓመት ነው፣ በሩን ከፍተው ሲገቡ ግን ደረጃው፣ ክፍሉ፣ ሁሉም የሠላሳ ዓመት አዲስ ቤት። የሚያምር ቤት አለሽ ቢላት፣ ያምራል፣ ግን እዚህ ቤት ውስጥ ከኔ በፊት የማንም እግር የለበትም አለችው።

«ያኔ ቅብጠት መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ለሜሳ እንደገና ተጠራ። ነገሩን ሲነግሩት ራሱን ይዞ ሳቀ። «ኦቦ ከበበው፣ አርባ ዓመት ስጠርብ ሥራ አበላሽልኝ ብሎ የለመነኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለ። ማበላሸቱ ከማስተካከሉ በለጠ ነው የሚሉት። ስስ ድንጋይ ከሥሯ አስገቡ፣ ልኳ አልመጣም፤ አወጡ፣ ሌላ ጠረቡ። ውሃ ልኩን ይዘው እኩል አለመሆኗን ሲያረጋግጡ ዋሉ። መጨረሻ ላይ ከበበው ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ፣ ከዚያ በቃ አለ።

እኔ ተመልሼ የሄድኩት ለጥምቀት ሰሞን ነው። ከሩቅ ሳይ ወደቡ ላይ ሰው አለ፤ የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች። ያኤል የምትባል አዲስ ጎረቤታቸው ሰሃን ይዛ ከፊቴ ስትወጣ ሦስተኛዋ ላይ ተደናቅፋ፣ ይቺን ደረጃ አንድ ቀን ነው የምነቅላት ብላ አጉረመረመች። ዓለሚቱ መቀመጫው ላይ ናት፣ ነጠላዋን ደርባ። «ቀስ በይ ልጄ፣ ትለምጃታለሽ» አለቻት።

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው አዩኝ። ግዳንስክን የሠሯትን ሰዎች አሰብኩ፤ ለማን ብለው ብዬ የጠየቅኩትን። ምንም ሳልናገር መውጣት ጀመርኩ። እግሬ አንዷን፣ ሁለቷን ረገጠ፣ ሦስተኛዋ ላይ ከፍ አለ፣ ድንጋዩም እዚያው ጠበቀው።

ዓለሚቱ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ተቀመጪ» አለችኝ።