የማይስቀው ታንኳ ሠሪ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዓባይ ማዶ

ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። በብብቴ ሁለት መቶ ገጽ የልብወለድ ረቂቅ ይዣለሁ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ታሪኩ በሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ወይጦዎች ስለ አንዱ፣ ስለ ታንኳ ሠሪ ነው። ባሕር ዳር ሃያ ዓመት ኖሬ ወይጦ ቤት ግን ገብቼ አላውቅም። ይህን ጉዴን ያወቀችው ዘምዘም ናት፤ ራሷ የወይጦ ታንኳ ሠሪ ልጅ፣ የአማርኛ መምህርት።

"ጋሼ፣ ሳይታተም ለአባዬ ያንብቡለት" ብላኛለች። "ተማሪዎቼ አንብበው 'አባትሽ እንዲህ ነው ወይ?' የሚሉት እኔን ነው።"

ባጃጅ ያዝሁ፤ ኮንትራት መቶ ሃምሳ ብር። ሾፌሩ ወረቀቱን አየና፣ "ክስ አለብዎት እንዴ ጋሼ?" አለኝ።

"ልብወለድ ነው።"

"እሱ ይሻላል፤ ቀጠሮ የለውም።"

1 ሰዓት ተኩል፣ ሐይቁ ዳር

በየደጁ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እንዲደርቅ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። የዘምዘም አባት ጋሽ እንድሪስ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ ግማሽ የደረሰ ታንኳ ላይ ተንበርክከው ገመድ ያጠብቃሉ።

"ተቀመጥና አንብብ። ሥራ የያዘው እጄ እንጂ ጆሮዬ አይደለም" አሉኝ።

አነበብሁ። ጀግናዬን ጠላቶቹ ያሳድዱታል። ጠዋት ደንገል ያጭዳል፣ ከሰዓት ታንኳ ሠርቶ ያመልጣል። የጋሽ እንድሪስ እጅ ቆመ።

"እርጥቡን?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ጠላቶቹ አይድከሙ። ታንኳው ራሱ ሰምጦ ይጨርስላቸዋል።"

ቀጥሎ የምወደው ክፍል መጣ፦ አንድ የከተማ መምህር የሰው ወሬ ሳይፈራ ታንኳ ሠሪው ቤት ገብቶ ዓሣ ሲበላ። ድምፄን አሳመርሁ።

"ስንት ገጽ ነው ይኸ?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"ሁለት።"

"ዓሣ ለመብላት? ዘመቻ የሄደ መሰለኝ።"

እኔ ሳቅሁ። በሩ ላይ የቆመችው ዘምዘም አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ ታንኳ ሠሪው እስካሁን ምን ተናገረ?"

ገለበጥሁ። ደግሜ ገለበጥሁ። "ሐይቁን ያያል" አልሁ።

"ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ?"

"ይተክዛል።"

"አባዬ ሲተክዝ አይተዋል?"

አባቷ በዚያች ቅጽበት ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ላይ ስለ አንዲት ዶሮ ይሟገታሉ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈርሰዋል።

"ቀልዱን ሁሉ ለመምህሩ ሰጥተውታል" አለች። "መምህሩ ደግሞ እርስዎ ነዎት። የእኛን ሰው ቁም ነገረኛ አድርገው ድንጋይ አደረጉት።"

አገር የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ አንዲት እንኳ ለሰውየው አላካፈልሁትም።

6 ሰዓት

ዓሣ ቀረበ፤ በበርበሬ የተለወሰ ቆሮሶ፣ ትኩስ። ዘምዘም አየችኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ ቢጻፍ ግማሽ መስመርም አይወጣው። እጄን ታጥቤ ጋሽ እንድሪስን ጠየቅኋቸው።

"እርስዎን ቢያሳድዱዎት ጠላቶችዎን ምን ይሏቸው ነበር?"

"'ሳምንት ታገሡኝ፣ ደንገሉ አልደረቀም' እላቸዋለሁ።"

እስክሪብቶ አወጣሁ።

10 ሰዓት፣ ቤት

ማተሚያ ቤት ደውዬ ሰኞ እንደማልደርስ ነገርሁ። ሰውየው ተቆጣ፤ ተራዬንም ለሌላ ሰጠው። የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድሁና እንደ አዲስ ጻፍሁት። አሁን ታንኳ ሠሪው ገና ሲገባ ያወራል፣ ይሟገታል፣ መምህሩን ያበሽቀዋል። ፎቶ አንስቼ ለዘምዘም ላክሁላት።

መልሷ ቶሎ መጣ።

"አባዬ ስቋል። እኔ ገና ነኝ።"