ስለ ተኮላሹት አውራ በጎች የገመትኩት

መንዝ ወዳለው የበግ ምርምር ጣቢያ ረዳት ተመራማሪ ሆኜ የገባሁት ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ በረቱ መሀል ተገተርኩ። አንድ አውራ በግ ከኋላ መጥቶ ፍጉ ላይ ደፋኝ። ዲግሪዬን እንኳ አላየልኝም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ጌታሁን ርዕስ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ያኔ ከውጭ ዝርያ ያዳቀልናቸውን አውራ በጎች ለዘር ብለን ለገበሬ እናድላለን። ገበሬው አኮላሽቶ፣ ሙክት አድርጎ፣ ለፋሲካ ይሸጣቸዋል።

“ርዕስህ ‘የገበሬው የአመለካከት ችግር’ ነው” አሉኝ።

“እሱ መልስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ለምን ያኮላሻል የሚለው ነው።”

“የአመለካከት ችግር ስላለበት ነዋ!”

“ባያኮላሽ ኖሮስ?”

“ሥልጠናችን አመለካከቱን ቀየረው እንላለን።”

“ታዲያ እርስዎ የሚሳሳቱት ምን ቢሆን ነው?”

ለአለቃ እንዲህ አይባልም። እኔ ግን አፌ ከእግሬ ይቀድማል። አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አወለቁ። “የራስህን ይዘህ ቀጥል። ካልሆነልህ ግን ከምርምር ወጥተህ መኖ መጋዘን ትገባለህ።”

“ይሁን” አልኩ። ለራሴ አንገት ገመድ ስገምድ የሚስተካከለኝ የለም።

ዘመሮ ገበያ ወረድኩ። ገዢው በግ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጨብጠው ላቱን ነው፤ የእኛ ዲቃሎች ደግሞ አብዛኞቹ ላታቸው ቀጭን ነው። መላ ምቴን ጻፍኩ፦ “ገበሬው የሚያኮላሻቸው ላታቸውን ስለሚንቅ ነው። ላተ ሰፊ ዲቃላ ቢሰጠው ለዘር ያስቀራል። ካላስቀረ ተሳስቻለሁ።” የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አቶ ጌታሁን በቀይ ሰረዟት። መልሼ ጻፍኳት።

ላተ ሰፊዎቹን ለአንድ መንደር፣ ላተ ቀጭኖቹን ለሌላው አደልን። በዓመቱ ስሄድ ሁለቱም መንደሮች አኮላሽተዋል። የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ላተ ሰፊውን የወሰዱት እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ሳቁብኝ። “በግህ ነጭ ነው። ግልገሎቹ ሁሉ ነጭ ቢሆኑብኝ ጥቁሩን በርኖስ በምን ልሥራው?”

ባላቸው ከውስጥ ጮኹ፤ “አይደለም! ቀንድ የለውም! ቀንድ የሌለው አውራ ምኑ አውራ ነው?”

“አንቱ ዝም በሉ፣ ቀንዱን አትለብሱት!”

ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወጣሁ። ለአንዱ መላ ምቴ ሞት ሁለት ወራሽ አገኘሁ።

በግምገማው ቀን አቶ ጌታሁን ደስታቸውን አልደበቁም። “ተሳስተሃል!” አሉ በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

ተነሣሁ። “አዎ፣ ተሳስቻለሁ። ነገሩ ላት አይደለም፤ ይኼን ዛሬ እናውቃለን። የአመለካከቱ ግምት ግን ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። ምን አሳወቀን?”

በሳምንቱ መኖ መጋዘን ገባሁ። እዚያው ጭድ ላይ ተቀምጬ ስለ ጥቁርና ስለ ቀንዳም አውራ በጎች አዲስ የምርምር ንድፍ ጻፍኩ። አቶ ጌታሁን ሳያጸድቁ መለሱልኝ። ደግሜ አስገባሁ። እንደገና መለሱልኝ፤ እንደገና አስገባሁ። ጭድ ከጃኬቴ ሳላራግፍ ነበር ቢሯቸው የምገባው።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ መላ ምት ስትጽፉ ምን ብታዩ እንደምትተዉት አብራችሁ ጻፉ። የሚያስተዋችሁ ነገር ከሌለ ምርምር አይደለምና አትልፉበት።